ምዕራፍ 7፦ የመጀመሪያዎቹ 300 ሜትሮች

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 604 ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳር አረፈ። ቀጣዩ መዳረሻው አሥመራ ነበር። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ሲሆን 98 መንገደኞችና 6 የበረራ ሠራተኞች ተሳፍረውበታል። ከባሕር ዳር ለመነሳት ተንደርድሮ ለማቆም ከማይቻልበት ፍጥነት አለፈ። አብራሪዎች ለዚህ ፍጥነት ከበረራው በፊት የተሰላ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩ ላይ ሳይደርሱ አንድ ነገር ከተበላሸ ፍሬን ይያዛል፤ ከቁጥሩ በኋላ ግን የቀረው መንደርደሪያ ለማቆም ስለማይበቃ ምንም ቢመጣ መነሳት ግድ ነው።

ልክ በዚያች ቅጽበት የዱር ርግቦች መንጋ ከፊቱ ብድግ አለ። ወፎቹ የገቡት በአንደኛው ሞተር ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱም ሞተሮች ዋጧቸው። ሞተሮቹ ውስጣቸው ተሰባብሮ እየተንኳኩ ጉልበታቸውን ማጣት ጀመሩ። አብራሪዎቹ ባለው ኃይል ጥቂት መቶ ሜትር ከፍ ካሉ በኋላ ወደ መንደርደሪያው ለመመለስ ዞሩ። ሞተሮቹ ግን እስከዚያ አላደረሷቸውም፤ ሁለቱም ጠፉ። አውሮፕላኑ ከማረፊያው 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ጎማው ሳይወርድ በሆዱ ሜዳ ላይ አረፈ፤ እሳትም ተነሳ። 35 መንገደኞች ሞቱ። ስድስቱን የበረራ ሠራተኞች ጨምሮ 69 ሰዎች ተረፉ።

ሁለት ሞተር ሳለው፣ በሠለጠኑ ሁለት አብራሪዎች እጅ እያለ፣ አንድ ትልቅ አውሮፕላን እንዲህ ከሆነ፣ አንድ ሞተርና አራት መቀመጫ ብቻ ያለው የግል አውሮፕላን በዚያችው ቅጽበት ሞተሩ ቢደክምበት ምን ይሆናል? የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን ከሞተሩ ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ብቻ ያገኛል። ሌላው ግማሽ ያለው በአየሩ፣ በመሬቱ አቀማመጥና አብራሪው ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት በወሰነው ነገር ላይ ነው።

ሞተር ሲጠፋ ምን ይጠፋል?

ብዙ ሰው ሞተሩ የቆመ አውሮፕላን እንደ ድንጋይ የሚወድቅ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። አውሮፕላንን በአየር ላይ የሚይዘው ክንፉ ነው፤ የሞተሩ ሥራ ክንፉ ላይ አየር እንዳይቋረጥ ወደ ፊት መግፋት ነው። ሞተሩ ሲጠፋ አብራሪው የአውሮፕላኑን አፍንጫ በትንሹ ወደ ታች ካደረገ ያንን የመግፋት ሥራ የአውሮፕላኑ ክብደት ይረከባል። በዓለም በብዛት ከተሠሩት ትናንሽ አውሮፕላኖች አንዱ የሆነው ሴስና 172፣ ሞተሩ ጠፍቶ በተገቢው ፍጥነት ሲንሳፈፍ፣ ለሚያጣው ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 9 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል።

ስለዚህ ከፍታ ጥሪት ነው። ከመሬት 1,000 ሜትር በላይ ሞተሩ የጠፋበት አብራሪ 9 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና ከአራት ደቂቃ በላይ ጊዜ አለው። ነዳጁን ወደ ሌላኛው ጋን ያዞራል፣ ሞተሩን እንደገና ለማስነሳት ይሞክራል፣ ሜዳ ይመርጣል፣ በሬዲዮ ይናገራል። በ100 ሜትር ላይ የጠፋበት ግን ያለው 900 ሜትርና ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ነው። ያው ብልሽት፣ ያው አውሮፕላን፣ ያው አብራሪ፤ የተለየው የጥሪቱ መጠን ብቻ ነው።

መነሳትን አደገኛ የሚያደርገው ሁለተኛ ነገርም አለ። አውሮፕላኑ በሚነሳበት ጊዜ አፍንጫው ወደ ላይ ቀና ብሏል፤ ፍጥነቱም ዝቅተኛ ነው። ኃይሉ ድንገት ሲቋረጥ በዚያ ቀና ባለ አቋም ላይ ፍጥነቱ በጥቂት ሴኮንዶች ይሟጠጣል። ክንፍ አየሩን ከተወሰነ አንግል በላይ ቀና ብሎ ሲቀበለው አየሩ ከክንፉ ጀርባ ይላቀቅና ክንፉ ማንሳት ያቆማል። አብራሪዎች ይህንን ስቶል ይሉታል። ከመሬት በ100 ሜትር ላይ ስቶል ያደረገ አውሮፕላን እንደገና ለመያዝ የሚበቃ ከፍታ የለውም።

ከዚህ የሚያድነው እርምጃ አንድ ነው፤ አፍንጫውን ወዲያውኑ ዝቅ ማድረግ። ሲናገሩት ቀላል ነው። ነገር ግን መሬቱ ከሥር በቅርብ ተዘርግቶ እየታየ መሪውን ወደ መሬት መግፋት የሰው ደመ ነፍስ የሚቃወመው ድርጊት ነው። እጅ የሚፈልገው መሳብ ነው። ያልሠለጠነ እጅ፣ ወይም ሠልጥኖ የዘነጋ እጅ፣ ይስባል።

ደጋው አስቀድሞ የሚያስከፍለው

የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የጎንደሩ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ቦሌ 2,330 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጧል። በእነዚህ ማረፊያዎች ለሚነሳ ትንሽ አውሮፕላን ይህ ቁጥር ከሞተሩ ጤንነት ያላነሰ ጉዳይ ነው።

ነገሩን ለማየት ከቴል አቪቭ ባሕር ዳርቻ እንነሳ። እዚያ ያለውን አየር ጥግግት 100 እንበለው። እየሩሳሌም ቂርያት ሃዮቨል የሚኖር አንባቢ ከባሕሩ 800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ስለሚተነፍስ የሚያገኘው 92 ያህሉን ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስ ይሠራ የነበረው የእየሩሳሌሙ የአታሮት አውሮፕላን ማረፊያም በዚሁ ተራራማ ከፍታ ላይ ነበር። ባሕር ዳር ሲደርስ ቁጥሩ 84 ይሆናል። ቦሌ ላይ ወደ 80 ይወርዳል። ይህ ሁሉ አየሩ ለየከፍታው እንደሚጠበቀው ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። ሙቀት ሲጨመር አየር የበለጠ ይሳሳል፤ ቦሌ ላይ 22 ዲግሪ በሆነ ቀትር የአየሩ ጥግግት ወደ 73 ይወርዳል፤ አውሮፕላኑም ከ3,100 ሜትር በላይ ካለ ተራራ ላይ የሚነሳ ያህል ይሆናል።

የሳሳ አየር ሦስት ቦታ ይጎዳል። ነዳጅ የሚነድደው ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ስለሆነ ሞተሩ ይደክማል፤ 160 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር በዚያ ቀትር የሚሰጠው 110 ያህል ብቻ ነው። ውልብልቢቱ የሚይዘው አየር ስለሚያንስ ያንኑ የተቀነሰ ጉልበት እንኳ በሙሉ ወደ ግፊት አይለውጠውም። ክንፉም ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ የፍጥነት መለኪያው 70 ኖት ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእርግጥ ከመሬት አንጻር፣ ነፋስ በሌለበት፣ 82 ኖት እየሄደ ነው።

ይህን የደጋ ሒሳብ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በትልቁ ማየት ይቻላል። በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ ከቦሌ ተነስተው እስራኤል ገቡ። ዛሬ ቂርያት ሃዮቨልን በመሰሉ ሰፈሮች ከሚኖሩት መካከል ያን በረራ የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው። ከአውሮፕላኖቹ አንዱ የነበረው የኤል አል ቦይንግ 747 ከ1,000 በላይ ሰው ጭኖ ተነስቶ በአንድ አውሮፕላን ብዙ ሰው በመጫን የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ይህ እንዴት ተቻለ? መንገደኞቹ ሻንጣ አልነበራቸውም፣ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ፣ ጉዞውም 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ውቅያኖስ ለማቋረጥ የሚያስፈልገው ነዳጅ አልተጫነም። ደጋ ላይ ኃይል ሲያንስ መቀነስ የሚቻለው ክብደትን ነው። አራት መቀመጫ ያላት አውሮፕላንም የምትገዛው በዚሁ ሕግ ነው፤ አራት ትልልቅ ሰው ጭና ከባሕር ዳርቻ በምቾት የምትነሳው አውሮፕላን ቦሌ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሰው መሬት ላይ መተው ሊኖርባት ይችላል።

በባሕር ዛፍ ላይ የተጠናቀቀው ልምምድ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን የተቀበለችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፖቴዝ 25 የተባለችው ፈረንሳይ ሠራሽ አውሮፕላን ያን ዕለት አዲስ አበባ ስታርፍ ከተማይቱ ስለ ቀጭን አየር ሒሳብ የምታውቀው ነገር አልነበረም። ትምህርቱ ግን ብዙ አልዘገየም።

በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ለንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ መጫን በዓል ትዘጋጅ ነበር። በትሪኒዳድ የተወለደውና በኒውዮርክ የሐርለም ጥቁር ንስር በሚል ስም የገነነው ሁበርት ጁሊያን በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በጃንጥላ ዘሎ አድናቆት አትርፏል። በዓሉ ሊከበር ቀናት ሲቀሩት፣ በጥቅምት ወር፣ ጂፕሲ ሞዝ የተባለችውን የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አውሮፕላን አስነስቶ በልምምድ ላይ ሳለ ባሕር ዛፍ ላይ ወደቀ። እሱ ተረፈ፤ አውሮፕላኗ ግን ተሰባበረች። ጁሊያን ሞተሩ ሆን ተብሎ ተበላሽቶብኛል አለ። ተቺዎቹ ጥፋቱ የአብራሪው ነው አሉ። ጥቅምት 23 ቀን ዘውዱ ሲጫን ጁሊያን የንጉሡን ሞገስ አጥቶ ነበር።

ክርክሩን ማንም ይርታ፣ አየሩ ድርሻ ነበረው። ያ ዓይነት አውሮፕላን የሚበረው 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ባለው ሞተር ነበር። በ2,400 ሜትር ላይ፣ ብርድ በሆነ ማለዳ እንኳ፣ ከዚያ ሞተር የሚገኘው ሦስት አራተኛው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አውሮፕላን የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ዛፍን ለማለፍ የሚቀረው ትርፍ ትንሽ ነው። ትርፉ ትንሽ በሆነበት ደግሞ አውሮፕላኑን ለመጣል ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መቆም የለበትም፤ ጥቂት ቢደክም፣ ወይም አብራሪው አፍንጫውን ጥቂት አብዝቶ ቀና ቢያደርግ ይበቃል።

በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላንም 115 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር በዚሁ ቀጭን አየር ውስጥ ነበር የምትነሳው። በጣሊያን ወረራ ተወስዳ ከ80 ዓመታት በላይ በባዕድ አገር ከቆየች በኋላ በ2016 ዓ.ም. አገሯ ተመልሳለች። ዛሬ ቆሞ የሚያያት ሰው ክንፏን ከሞተሯ ጋር ቢያነጻጽር፣ የዚያ ዘመን አብራሪዎች በምን ያህል ጠባብ ትርፍ ይበሩ እንደነበር ይገባዋል።

ሞተሩን የሚያደክሙት

የትንሽ አውሮፕላን ሞተር አውሮፕላኑ ሲነሳ የሚደክምባቸው ምክንያቶች አብዛኞቹ ተራ ናቸው። ፒስተን የሚሰበርበት፣ ቫልቭ የሚጣበቅበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሞተሩ ደህና ሆኖ ነዳጁ ወይም አየሩ በትክክል ስላልደረሰው የሚቆምበት ጊዜ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነዳጅ ነው። የጋኑ መምረጫ ባዶ ወደሆነው ጋን ዞሮ ይሆናል፤ ሞተሩ በቱቦውና በካርቡራተሩ ውስጥ በቀረው ነዳጅ ተነስቶ፣ እስከ መንደርደሪያው ሄዶ፣ አውሮፕላኑ ከመሬት እንደተለየ ይቆማል። ወይም በግማሽ ባዶ ጋን ውስጥ ሌሊቱን እርጥበት ጤዛ ሆኖ ወርዶ ይሆናል። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ጋኑ ሥር ይተኛል። አብራሪ ጠዋት ጠዋት ከጋኑ ሥር በትንሽ ብርጭቆ ነዳጅ ቀድቶ ወደ ብርሃን አንስቶ የሚያየው ለዚህ ነው። በፒስተን አውሮፕላኖች የሚቀዳው የተለመደው ቤንዚን ሰማያዊ ቀለም ያለው በመሆኑ በጄት ነዳጅ ተተክቶ ከሆነም ብርጭቆው ያጋልጠዋል።

ሁለተኛው በረዶ ነው፤ እሱም ሞቅ ባለ ቀን። በካርቡራተር ጠባብ ጉሮሮ ውስጥ አየሩ ሲፈጥንና ነዳጁ ሲተን ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። አየሩ እርጥበት ካለው በውጭ 20 ዲግሪ እያለም በውስጥ በረዶ ይጋገራል፤ የአየሩን መንገድ እየዘጋ ሞተሩን ያፍናል። ክረምት የወጣበት የጣና ዳር ማለዳ ለዚህ የተመቸ ነው። ካርቡራተር የሌላቸው፣ ነዳጁ በቀጥታ የሚረጭባቸው አዳዲስ ሞተሮች ከዚህ ነፃ ናቸው።

ሦስተኛው የደጋ ልዩ ችግር ነው። ትንንሽ አውሮፕላኖች የነዳጁንና የአየሩን መጠን የሚያስተካክል በእጅ የሚሠራ ማንሻ አላቸው። በባሕር ወለል ላይ ለመነሳት ነዳጁ በሙሉ ይከፈታል። ያንኑ ልማድ ይዞ ቦሌ ላይ የሚነሳ አብራሪ ግን ለሳሳው አየር የማይመጣጠን ነዳጅ ሞተሩ ውስጥ ያፈስሳል። ሞተሩ ይንተፋተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፣ አየሩ ከወሰደው በላይ ጉልበት ይጠፋል። እዚህ ምንም የተበላሸ ዕቃ የለም፤ መድኃኒቱም ከመንደርደር በፊት ሞተሩ ሙሉ ጉልበት እስኪሰጥ ማንሻውን በጥንቃቄ መሳብ ነው።

አራተኛው ወፍ ነው፤ ምንም እንኳ ባሕር ዳር ላይ እንዳደረገው ባይሆንም። የጄት ሞተር አየርን በብዛት ስለሚስብ ወፉን ወደ ውስጡ ይስባል። በውልብልቢት የሚሠራ ትንሽ አውሮፕላን ላይ ወፍ የሚያስፈራው መስታወቱን ሰብሮ አብራሪውን ሲመታ ወይም ክንፉን ሲጎዳ ነው።

ትናንሽ የአውሮፕላን ሞተሮች ደካማ ናቸው ማለት ግን አይደለም። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ሁለት ካንዴላ አላቸው፤ ሁለቱንም ከባትሪው ተለይተው የሚሠሩ ሁለት ማግኔቶዎች እሳት ይሰጧቸዋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀጥላል። አብራሪው ከመንደርደሩ በፊት ቆሞ ሞተሩን ሲያስጮኽ መንገደኛው የሚሰማው ድምፅ ይህ ምርመራ ነው፤ ማግኔቶዎቹን በየተራ እያጠፋ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ሞተሩን መሸከማቸውን ያያል።

ወደ ኋላ የሚጠራው መንደርደሪያ

ሞተሩ ጠፋ እንበል። አውሮፕላኑ 150 ሜትር ላይ ነው። ከፊት ማሳ፣ ቤት፣ የስልክ ምሰሶ ይታያል። ከኋላ ደግሞ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ የእሳት አደጋ መኪና የቆመበት መንደርደሪያ አለ። ማንም ሰው ወደ እሱ መመለስ ይፈልጋል። ብዙ አብራሪዎችን የገደለው ይህ ፍላጎት ነው።

መመለስ ማለት ግማሽ ክብ መዞር ብቻ አይደለም። ግማሽ ክብ የዞረ አውሮፕላን ከመንደርደሪያው መስመር ጎን ወጥቶ ነው የሚገኘው፤ መስመሩን ለመያዝ ከ200 ዲግሪ በላይ መዞር አለበት። ለመዞር ይጋደማል። በ45 ዲግሪ የተጋደመ ክንፍ ስቶል የሚያደርግበት ፍጥነት በ19 በመቶ ከፍ ይላል፤ በ60 ዲግሪ 41 በመቶ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሞተር ሳይኖር፣ ከፍታ በፍጥነት እየወረደ፣ መሬት እየቀረበ ነው። የደነገጠ አብራሪ ዙሩን ለማፋጠን በእግሩ መሪውን ይገፋል፣ በእጁ አፍንጫውን ይስባል። አንዱ ክንፍ ከሌላው ቀድሞ ስቶል ያደርግና አውሮፕላኑ እየተሽከረከረ ይወድቃል።

በደጋ ላይ ሌላ ችግር ይታከላል፤ ይህንን ማየት የሚሻለው በቁጥር ነው። ቦሌ ላይ በሞቃት ቀትር የተነሳ፣ ክብደቱን የሞላ ሴስና 172 ከመሬት ከተለየ በኋላ 3 ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚያገኘው ከፍታ በግምት 90 ሜትር ነው። ከ90 ሜትር ላይ ያለ ሞተር የሚንሳፈፈው ደግሞ 800 ሜትር ያህል። ወጥቶ የሄደው 3 ኪሎ ሜትር፣ መመለስ የሚችለው 800 ሜትር! በቀጥታ እየወጣ በሄደ ቁጥር ከመንደርደሪያው ይርቃል እንጂ የመመለስ አቅም አያጠራቅምም። በባሕር ወለል ላይ የሚወጣበትና የሚንሳፈፍበት ዳገት ስለሚቀራረብ በቂ ከፍታ ያለው አብራሪ ዞሮ ሊደርስ ይችል ይሆናል። በቆላ የተማረውን የመመለሻ ቁጥር ይዞ ደጋ የወጣ አብራሪ ግን የሌለ ገንዘብ ይዞ ገበያ ይወጣል። የዙሩ ስፋትም ይጨምራል፤ መለኪያው ያንኑ ፍጥነት እያሳየ በቀትሩ ቦሌ ላይ ዙሩ ከባሕር ወለል በ37 በመቶ ይሰፋል።

ውሳኔ የሚፈጀው ጊዜም ራሱ ከፍታ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2009 ከኒውዮርክ ላጓርዲያ የተነሳው የዩኤስ ኤርዌይስ ኤርባስ 320 እንደ ባሕር ዳሩ ሁለቱንም ሞተሮቹን በወፍ አጣ። ካፒቴን ሳለንበርገር ሐድሰን ወንዝ ላይ አሳረፈው፤ የተሳፈሩት 155 ሰዎች ሁሉ ተረፉ። ኋላ መርማሪዎች በበረራ ማስመሰያ ሲሞክሩት፣ ወፎቹ እንደገቡ ሳይዘገይ የዞረ አብራሪ መንደርደሪያ ሊደርስ እንደሚችል ታየ። ሁኔታውን ለመረዳት 35 ሴኮንድ ሲጨመርበት ግን አልደረሰም። በእውነተኛው በረራ ላይ ያለ ሰው ሁሉን በአንዴ ስለማያውቅ ሳይዘገይ አይወስንም። ስለዚህ ወደ መንደርደሪያው ሳይመለስ መውረድን የመረጠው አብራሪ ነው ትክክለኛ የነበረው።

ለትንሽ አውሮፕላን ሳይመለሱ መውረድ ማለት ወደ ፊት፣ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ በሚታየው ውስጥ የተሻለውን መርጦ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ክንፉን አግድም ይዞ፣ በቁጥጥር ሥር ማረፍ ነው። አውሮፕላኗ ልትሰበር ትችላለች። ጉዳዩ ሰዎቹ ናቸው። የግጭት ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ፍጥነቱን በግማሽ የቀነሰ አብራሪ ጉልበቱን ወደ ሩብ ያወርዳል። ማሳ ውስጥ በሆዷ ተንሸራትታ ክንፏ የተቀነጠበ አውሮፕላን ሰዎቿን ታተርፋለች፤ በአፍንጫዋ የተተከለች ግን አታተርፍም። የባሕር ዳሩም በረራ ይህንኑ ያሳያል። ሞተሮቹ ከሞቱ በኋላ 69 ሰዎች የተረፉት አውሮፕላኑ እስከ መጨረሻው እየበረረ፣ ክንፉ እየሠራ መሬት ስለነካ ነው።

ማንሻው ከመገፋቱ በፊት

እስካሁን ከተነገረው አንድ ነገር ይወጣል። ሞተር ከጠፋ በኋላ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ስለዚህ ማሰቡ ቀድሞ መጠናቀቅ አለበት። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ ነው። የበረራ መምህራን ተማሪውን ከመንደርደሩ በፊት ድምፁን አውጥቶ እንዲናገር የሚያስገድዱት ለዚህ ነው። ብቻውን ቢሆንም ይናገራል።

የሚናገረው ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው መሬት ላይ ስለሚሆነው ነው፤ ሞተሩ ሙሉ ጉልበት ካልሰጠ፣ መለኪያ ከተዛባ ወይም በር ከተከፈተ ጋዙን ዘግቼ እቆማለሁ ይላል። እዚህ ላይ የትናንሽ አውሮፕላን አብራሪዎች ቀላል መለኪያ አላቸው፤ በመንደርደሪያው እኩሌታ ላይ ለመነሳት ከሚያስፈልገው ፍጥነት 70 በመቶው ካልተገኘ መነሳቱ ይቋረጣል። ደጋ ላይ ሞተሩ ሳይንተፋተፍ በዝምታ ደክሞ እንደሆነ የሚያሳብቀው ይህ መለኪያ ነው። ጆሮ አይለየውም፤ የመንደርደሪያው ርቀት ግን ይለየዋል።

ሁለተኛው ከተነሳ በኋላ መንደርደሪያ እያለ ስለሚሆነው ነው። የኢትዮጵያ ትልልቅ ማረፊያዎች በዚህ በኩል ይክሳሉ። ለጄት የተሠራ 3 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መንደርደሪያ ለትንሽ አውሮፕላን ብዙ ትርፍ አለው፤ ከተነሳ በኋላ ሞተሩ ቢጠፋ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ እዚያው አስፋልት ላይ ተመልሶ ሊያርፍ ይችላል። ይህ ትርፍ የሚገኘው ግን ከመንደርደሪያው ጫፍ ሲነሱ ብቻ ነው። ጊዜ ለመቆጠብ ከመሃል ገብቶ የሚነሳ አብራሪን ከኋላው የተወው አስፋልት አይረዳውም።

ሦስተኛው ከመንደርደሪያው ካለፈ በኋላ ስለሚሆነው ነው። እስከዚህ ከፍታ ድረስ አልዞርም፤ ሞተሩ ከጠፋ የማርፈው ከፊቴ በስተግራ ባለው ማሳ ነው ይላል። ቁጥሩን የሚወስነው አውሮፕላኑ፣ ክብደቱ፣ የዕለቱ ሙቀትና የቦታው ከፍታ ነው፤ በባሕር ዳር ጠዋት የተባለው በቀትር አይሠራም። ማሳውንም አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ከየትኛው ጫፍ ሲነሱ ጣና ከፊት እንደሚመጣ፣ ከየትኛው ሜዳ እንደሚገኝ ካርታ አይቶ፣ ከመሬትም ዞሮ አይቶ ይመጣል። ማረሻ የገባበትና ጎርፍ የተኛበት ማሳ ስለሚለያይ ወቅቱንም ይጨምርበታል።

በትንሽ አውሮፕላን ከወዳጅ ጋር ለመብረር የሚጋበዝ መንገደኛም ከዚህ የሚይዘው አለ። ከመነሳታቸው በፊት «ስንነሳ ሞተሩ ቢጠፋ የት ነው የምናርፈው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ አብራሪ በጥያቄው አይቀየምም፤ መልሱንም ለማግኘት ማሰብ አያስፈልገውም፤ በጣቱ ያሳያል። «አይጠፋም፣ አትፍራ» ብሎ የሚመልስ አብራሪ ሞተሩ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም በሕይወቱ ሙሉ አይጠፋበትም። ግን ለመጀመሪያዎቹ 300 ሜትሮች ያዘጋጀው ነገር የለም፤ እነዚያ ሜትሮች ደግሞ የሚያስቡበት ቦታ አይደሉም። እንዲህ ካለው ጋር አለመሳፈር ይሻላል።